ትልቅ ኢንቨርተር ከመግዛትዎ በፊት ኒውትራሉን ይለዩ

የደረሰኝ ጥያቄ ባጭሩ እንዲህ ይላል፦

«ቤታችን ሰሚት ነው። ከአራት ወር በፊት 5 ኪሎዋት ሃይብሪድ ኢንቨርተር፣ አንድ 51.2 ቮልት 100 አምፒር-አወር ሊቲየም ባትሪ እና ስድስት ባለ 550 ዋት ፓኔል አስገጠምን። መብራት ሲጠፋ ሦስት ነገር ያስቸግረናል። ማታ ምጣድና ቦይለር በርተው ከሆነ ሁሉም ነገር ድርግም ይላል፤ የኢንቨርተሩ ስክሪን ሳይቀር። የደረጃው መብራትና የአንድ ክፍል ሶኬት ደግሞ ጭራሽ አይሠሩም። ፍሪጁን በባዶ እግሬ ስነካው ይነዝረኛል፤ ድሮም ትንሽ ነበረው፣ መብራት ሲጠፋ ይብሳል። የገጠመልን ልጅ "8 ኪሎዋት መግዛት አለባችሁ" ይላል። እንግዛ?»

አይግዙ። ያለዎት ኢንቨርተር፣ ማለትም የፓኔሉንና የባትሪውን ኃይል ወደ ቤት መብራት የሚቀይረው ሳጥን፣ ለቤትዎ ይበቃል። የጎደለው ነገር መለየት ነው። መብራት ሲጠፋ መሥራት ያለበት ዕቃ መጠበቅ ከሚችለው መለየት አለበት፤ ሽቦውም እስከ ኒውትራሉ (ጅረቱ የሚመለስበት ሽቦ) ድረስ መለየት አለበት። ይህ ሳይደረግ 8 ኪሎዋት ቢገባ ሦስቱም ችግሮች አብረውት ይቀጥላሉ።

መጨረሻ ላይ ከጻፉት ልጀምር፤ ሰው የሚገድለው እሱ ነውና። ፍሪጁ እስኪስተካከል ድረስ መብራት በጠፋ ቁጥር ብሬከሩን አጥፍተው ከሶኬት ይንቀሉት። ልጆች ካሉ ዛሬውኑ ይንገሯቸው። ትንሽ መንዘር ነው ብለው አይለፉት።

በብዙ ቤቶቻችን ከቆጣሪ ወደ ቤት የሚገባው ሁለት ሽቦ ብቻ ነው፤ ኃይሉን የሚያመጣው ፌዝና የሚመልሰው ኒውትራል። ኧርዙ ግቢ ውስጥ የሚቀበረው ዘንግ ነው። የመብራት ኃይል ኒውትራል ትራንስፎርመሩ ጋ ከመሬት ጋር ታስሯል። ስለዚህ ፌዙ የፍሪጁን ብረት ቢነካ ጅረቱ በኧርዙ በኩል ወደ ትራንስፎርመሩ የሚመለስበት መንገድ ያገኛል። አርሲዲው፣ ጅረት ወደ መሬት ሲያፈስ የሚቆርጠው መከላከያ፣ ያየዋል፣ ይቆርጠዋል። መብራት ሲጠፋ ግን ኢንቨርተሩ ራሱን ከመስመሩ ይነጥላል። ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ ምንጩ ትራንስፎርመሩ መሆኑ ይቀርና ግድግዳዎ ላይ ያለው ሳጥን ይሆናል። የእሱ ኒውትራል ከኧርዝ ጋር ካልታሰረ በአየር ላይ እንደተንጠለጠለ ነው። አርሲዲዎ ቦታው ላይ ይቀመጣል እንጂ ሰው ቢያዝ እንኳ አይቆርጥም።

ይህን በመልቲሜትር ማወቅ ይቻላል። መብራት በጠፋበት ሰዓት አንድ ሶኬት ላይ ያስለኩ። በፌዝና በኒውትራል መካከል 220 ወይም 230 ይላል፤ ይህ ደህና ነው። ከኒውትራል ወደ ኧርዝ ሲለካ ዜሮ አካባቢ መሆን አለበት። 100፣ 110 የሚል ከሆነ ኒውትራሉ ተንሳፍፏል፤ ከኧርዝ ጋር አልታሰረም ማለት ነው።

መንዘሩ ራሱ ሌላም ነገር ይናገራል። ኢንቨርተሩና ዕቃዎቹ ውስጥ ያሉት ፊልተሮች ሁልጊዜ ትንሽ ጅረት ወደ ብረታቸው ያፈሳሉ። ኧርዙ ጤነኛ ከሆነ ያ ጅረት ወደ መሬት ይወርዳል፤ ማንም አይሰማውም። እርስዎን የሚነዝርዎ እርስዎ የኧርዙን ሥራ እየሠሩ ስለሆነ ነው። ስለዚህ ሶኬቱ ላይ ያለው ኧርዝ ወይ ከዘንጉ ጋር አልተገናኘም፣ ወይ ዘንጉ አይሠራም። ወይም ጭራሽ ዘንግ የለም። ይህን ያልኩት ብዙ ቤት ስላየሁ ነው። አረንጓዴ ቢጫ ሽቦው በቦርዱ ውስጥ በሥርዓት ታስሮ፣ ወደ ግቢው ስንከተለው ሲሚንቶ ውስጥ ገብቶ ያለቀበት ቤት አጋጥሞኛል።

ሰሚት አካባቢ ብዙ ቦታ አፈሩ ጥቁር መረሬ ነው። መረሬ ክረምት ላይ እርጥብ ስለሆነ ለኧርዝ ጥሩ ነው፤ በጋ ሲመጣ ይሰነጠቅና ከዘንጉ ይለያል። ነሐሴ ላይ የተለካ ኧርዝ የካቲት ላይ ሌላ ነው። ስለዚህ የሚለካው በበጋ ይሁን። እኔ የኧርዙ ሬዚስታንስ (ጅረትን የመቋቋም መጠኑ) ከ10 ኦም በታች ካልሆነ ሥራው አለቀ አልልም። አንድ ዘንግ ካልበቃ ሁለተኛው የዘንጉን ርዝመት ያህል ወይም ከዚያ በላይ ተርቆ ይቀበራል፤ ሁለቱ በሽቦ ይታሰራሉ። ድሮ ጨውና ከሰል ይደረግ ነበር። ጨው ለጊዜው ይረዳል፣ ግን ዘንጉን ይበላዋል፤ ዝናብም ያጥበዋል። የፓኔሎቹ ፍሬምና የቆርቆሮው ጣሪያም ከዚሁ ኧርዝ ጋር መታሰር አለባቸው። ጣሪያ ላይ የሚወጣ ሰው ተነዝሮ ከመሰላል ቢወድቅ የሚጎዳው መውደቁ ነው።

ቀጥሎ ኒውትራሉ ከኧርዝ ጋር ይታሰራል። መብራት ሲጠፋ ብቻ ነው የሚታሰረው። ብዙ ሃይብሪድ ኢንቨርተሮች ለዚህ የሚሆን ሪሌይ (በራሱ የሚገናኝና የሚላቀቅ ማብሪያ) ውስጣቸው አላቸው፤ በሴቲንግ ይከፈታል፣ ማኑዋሉ ላይ ይገኛል። የሌላቸው ላይ ያንኑ ሥራ የሚሠራ ኮንታክተር ከውጭ ይጨመራል። በቋሚ ሽቦ «አንዴ አስረን እንገላገል» የሚል ሠራተኛ ከመጣ ግን እሺ አይበሉት። መብራት ባለበት ሰዓት ያ ሽቦ የሰፈሩን ኒውትራል ከእርስዎ ዘንግ ጋር ያያይዘዋል። አንድ ቀን ምሰሶው ላይ ኒውትራሉ ቢበጠስ የጎረቤቶችዎ ጅረት በእርስዎ ግቢ በኩል ልመለስ ይላል።

አሁን ወደ ደረጃው መብራት። ይህ ቀላል ነው፣ ግን ትዕግሥት ይጠይቃል። ልጁ የገጠመው ሲመስለኝ እንዲህ ነው፦ ከዋናው ቦርድ ላይ የተወሰኑ ብሬከሮችን መርጦ ፌዛቸውን ወደ ኢንቨርተሩ መውጫ አዞረ፤ ኒውትራሎቹን ግን ድሮ በነበሩበት ባር (ኒውትራሎች አብረው የሚታሰሩበት ብረት) ላይ ተዋቸው። ብዙ ኢንቨርተሮች መብራት ሲጠፋ ፌዙንም ኒውትራሉንም ይቆርጣሉ። ስለዚህ ከኢንቨርተሩ የወጣ ፌዝ የሚመለስበት ኒውትራል አጣ። የደረጃ መብራት ደግሞ በብዙ ቤት ፌዙን ከታች፣ ኒውትራሉን ከላይ ፎቅ ነው የሚወስደው። ከተለያየ ሰርኪት፣ ከተለያየ ብሬከር ማለት ነው። ለዚህ ነው እሱ ሁልጊዜ መጀመሪያ የሚበላሸው።

መፍትሔው ሁለተኛ ቦርድ ነው። ትንሽ፣ ለብቻው፣ የራሱ የኒውትራል ባር ያለው፣ የራሱ 30 ሚሊአምፒር አርሲዲ ያለው። ከዋናው ቦርድ አንድ ባለ 32 አምፒር ብሬከር ወደ ኢንቨርተሩ መግቢያ ይሄዳል። ከኢንቨርተሩ መውጫ የሚመጣው ወደ ትንሹ ቦርድ ይገባል። ሽቦው ለሁለቱም 6 ሚሊሜትር ካሬ መዳብ ይሁን። ወደ ትንሹ ቦርድ የሚዛወር እያንዳንዱ ሰርኪት ፌዙንም ኒውትራሉንም ይዞ ይሂድ። ሁለቱ የኒውትራል ባሮች በምንም መንገድ አይነካኩ። ይህን ለማረጋገጥ ሁሉም ነገር ጠፍቶ፣ ኒውትራሎቹ አንድ በአንድ ተፈትተው፣ ሽቦ ከሽቦ ሲገናኝ በሚጮኸው የመልቲሜትሩ ድምፅ ይፈተሻሉ። ግማሽ ቀን ይፈጃል። የግድግዳ መገናኛ ሳጥኖች ይከፈታሉ፣ ቀለም ይላጣል። ሠራተኛው ለዚህ ሰዓት ዋጋ ቢጠይቅ ይክፈሉት፤ ከሥራው ሁሉ ትልቁ ይህ ነው።

እግረ መንገድ አንድ ቼንጅኦቨር (ምንጩን በእጅ የሚቀይሩበት ማብሪያ) ያስገጥሙ። ሦስት ቦታ ያለው፣ ፌዝና ኒውትራሉን አብሮ የሚቀይር። ኢንቨርተሩ ለጥገና ቢወርድ ትንሹ ቦርድ በቀጥታ ከመብራት ኃይል ይሠራል፤ ቤቱ ጨለማ አይሆንም።

ምጣዱ ላይ ደረስን። ማታ ድርግም ሲል ስክሪኑም አብሮ እንደሚጠፋ መጻፍዎ ጠቅሞኛል። ኢንቨርተር በራሱ ሲበዛበት ስክሪኑ ላይ ኦቨርሎድ ብሎ ኮድ ያሳያል፣ ይጮኻል። ፀሐይም መብራትም በሌለበት ስክሪኑ ራሱ ከሞተ ግን የቆረጠው ባትሪው ነው። በውስጡ ያለው ቢኤምኤስ (የባትሪው ተቆጣጣሪ ሰሌዳ) ጅረቱ ከአቅሙ ሲያልፍ በሩን ይዘጋል።

ሒሳቡን እንየው። የእንጀራ ምጣድ 3.5 ኪሎዋት አካባቢ ይበላል። የኢንቨርተሩ ብክነት ሲጨመር ከባትሪ የሚወጣው 3.75 ኪሎዋት ገደማ ነው። በ51.2 ቮልት ሲካፈል 73 አምፒር። ቦይለሩ 1.5 ኪሎዋት ቢጨምር 105 አምፒር ይደርሳል። የባትሪዎን መለያ ወረቀት ይዩት። የዚህ መጠን ባትሪ ብዙ ጊዜ የሚመከረው 50 አምፒር ነው፣ ከፍተኛው ደግሞ 100። እና 8 ኪሎዋት ኢንቨርተር በዚህ ባትሪ ላይ ምን ይጨምራል? ምንም። ያው ባትሪ በዚያው ቦታ ይቆርጣል። ገንዘብ የሚወጣ ከሆነ ሁለተኛ ባትሪ ላይ ይውጣ፤ እሱም ቢሆን ከሽቦው ሥራ በኋላ።

ባትሪው 5.12 ኪሎዋት-አወር ይይዛል። 80 በመቶውን ብንጠቀም 4.1 ነው። ምጣዱ ብቻውን አንድ ሰዓት ከጥቂት ደቂቃ ውስጥ ይጨርሰዋል። ከዚያ ሌሊቱን ሙሉ ጨለማ። አሁን ምጣዱን ያውጡትና 12 ሰዓት ሌሊቱን ያስቡት። ፍሪጅ 0.7፣ መብራቶች 0.5፣ ቴሌቪዥን 0.4፣ ዋይፋይ 0.15። ኢንቨርተሩ ራሱም ቁጭ ብሎ 50 ዋት ያህል ይበላል፤ ይህን ብዙ ሰው ይረሳዋል። በሌሊት 0.6 ነው። ድምሩ 2.35 ኪሎዋት-አወር ገደማ። ባትሪዎ ሌሊቱን አሳልፎ ይተርፈዋል።

ስለዚህ ምጣድ፣ ቦይለርና የኤሌክትሪክ ምድጃ ዋናው ቦርድ ላይ ይቅሩ። መብራት ሲጠፋ እነሱም ይጥፉ። የውሃ ፓምፑ ሲነሳ ከሚሠራበት ብዙ እጥፍ ጅረት ይጎትታል፤ ሮቶውን ቀን ላይ መሙላት ከቻላችሁ እሱም እዚያው ይቆይ።

ግን ሊጥ ተቦክቶ መብራት ሁለት ቀን ቢጠፋስ? ይህን ጥያቄ ከእናቶች ብዙ ጊዜ ሰምቼዋለሁ፤ ሊጡ አይጠብቅም። ለምጣዱ ብቻ ሌላ ትንሽ ቼንጅኦቨር ይደረግለት። ከረፋዱ 5 ሰዓት እስከ ቀኑ 8 ሰዓት ባለው ጊዜ፣ ፀሐይ ወጥቶ ባትሪው ሞልቶ ሲገኝ፣ በእጅ ወደ ኢንቨርተሩ ይዛወራል። ጥርት ባለ ቀን ስድስቱ ፓኔሎች 2,500 ዋት አካባቢ ይሰጣሉ። ከባትሪው የሚወጣው ቀሪው 1,250 ዋት ብቻ ነው፤ 24 አምፒር ገደማ። ይህ ለባትሪው ቀላል ነው። ደመና ከመጣ መጋገሩን ማቆም ነው። ማታ ግን በፍጹም።

ስለ ባትሪው ገመድ አልጻፉም፤ ሄደው ይዩት። 5 ኪሎዋት በሙሉ አቅሙ ከ100 አምፒር በላይ ይጎትታል። ገመዱ 35 ሚሊሜትር ካሬ መሆን አለበት። 16 ሲገጠም አያለሁ፤ ይሞቃል። ጫፉ ላይ ያለው የመዳብ ጆሮ በትክክለኛው መጭመቂያ የተጨመቀ ይሁን። በመዶሻ ተደቁሶ በፕላስተር የተጠቀለለ ጆሮ ፈትቼ ፕላስቲኩ ቀልጦ ከብሎኑ ጋር ተጣብቆ ያገኘሁበት ቤት አለ፤ ባለቤቶቹ ለሳምንታት «የሆነ ነገር ይሸታል» ሲሉ ቆይተዋል። እጅዎን ገመዱ ላይ አያድርጉ፤ ሠራተኛው ጭነት ላይ ሆኖ በሙቀት መለኪያ ይየው። ባትሪውና ኢንቨርተሩ መካከል ለዲሲ (በአንድ አቅጣጫ ለሚፈሰው የባትሪና የፓኔል ጅረት) የተሠራ 125 አምፒር ብሬከር ወይም ፊውዝ ይግባ። የተለመደው የቤት ብሬከር ዲሲ ላይ አይሠራም። የመብራት ኃይሉ ጅረት፣ ኤሲ፣ በሰከንድ 100 ጊዜ ዜሮን ስለሚያልፍ ብልጭታው ራሱን ያጠፋል። ዲሲ ዜሮን አያልፍም፤ ብልጭታው ይቀጥላል፣ ብሬከሩ ራሱ ይነድዳል። ለፓኔሎቹ መስመርም ያው ነው።

የፓኔሎቹ ቮልቴጅ ደህና ነው። አንዱ ያለ ጭነት 50 ቮልት አካባቢ ይሰጣል፤ ስድስቱ በተከታታይ 300። ሲበርድ ይጨምራል። ታኅሣሥ ላይ ንጋት 5 ዲግሪ ሲሆን 315 ይደርሳል፤ የኢንቨርተርዎ ከፍተኛ ገደብ 500 ከሆነ ሰፊ ቦታ አለዎት። «ጣሪያው ሰፊ ነው፣ አሥር እናድርገው» የሚልዎ ሰው ቢኖር ግን አሥሩ በተከታታይ በመደበኛ ሙቀት 500 ቮልት ገደማ፣ በብርድ 525 ነው። ፀሐይ ፈንጠቅ ስትል ኢንቨርተሩ ሊቃጠል ይችላል። ደብረ ብርሃን ላይ ደግሞ ይህ ይብሳል። ፓኔሎቹን ወደ ደቡብ 10 ወይም 15 ዲግሪ ማዘንበል ይበቃል። አዲስ አበባ 9 ዲግሪ ሰሜን ላይ ስላለች ከሚያዝያ መጀመሪያ እስከ ነሐሴ 23 ገደማ የቀትር ፀሐይ በሰሜን በኩል ነው የምታልፈው፤ በጣም ማዘንበል ያኔ ያስከስራል። ትንሹ ዝንባሌ አቧራው በዝናብ እንዲታጠብ ነው።

ከፍታውንም አይርሱ። ብዙ ኢንቨርተሮች ሙሉ አቅማቸው የተጻፈው እስከ 2,000 ሜትር ነው። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት። አየሩ ስስ ስለሆነ ማቀዝቀዙ ይደክማል። 5 ኪሎዋት የሚለውን 4.5 ብለው ያስቡት። ቁም ሣጥን ውስጥ አይዝጉበት፤ ከላዩም ከታቹም ቢያንስ 50 ሳንቲሜትር ክፍት ይተዉለት። ባትሪው መኝታ ክፍልና ደረጃ ሥር አይቀመጥ።

ሴቲንጉ ላይ ሦስት ነገር ያስፈትሹ። የባትሪው ዓይነት «ሊቲየም» ተብሎ በኮሚኒኬሽን ገመዱ ከቢኤምኤሱ ጋር መነጋገር አለበት። ገመዱ የኢንተርኔት ገመድ ይመስላል፤ የውስጥ አሰላለፉ ግን በየብራንዱ ይለያያል፣ ስለዚህ ከሳጥኑ የወጣው ይሁን። የመሙያ ጅረቱ 50 አምፒር ላይ ይወሰን። ሦስተኛው የሚያስቆጨው ነው፦ ብዙ ሰው ቆጣሪ ለመቆጠብ ባትሪው ምሽቱን እስከ 20 በመቶ እንዲወርድ ያደርገዋል። ከዚያ ሌሊት መብራት ሲጠፋ ባትሪው ባዶ ነው። 50 በመቶ ሲደርስ ወደ መብራት ኃይል እንዲመለስ ያድርጉት። ከመብራት ኃይል ጋር ስምምነት ከሌለዎት ወደ መስመሩ መላክን ይዝጉት። አንዳንድ ዲጂታል ቆጣሪ ወደ ውጭ የሚወጣውንም እንደ ፍጆታ ይቆጥረዋል።

አሜሪካ ያለ ዘመድ «ጥሩውን ልላክላችሁ» ቢል ያመስግኑትና ይተዉት። የዚያ አገር ብዙው ኢንቨርተር 120/240 ቮልት፣ 60 ኸርዝ ነው። የእኛ 220 እና 50 ነው።

ሥራው ሲጀመር መጀመሪያ ዕቃዎቹ፣ ከዚያ የመብራት ኃይሉ ብሬከር፣ ከዚያ የፓኔሉ ማቋረጫ፣ መጨረሻ ባትሪው ይጥፋ። ከዚያም ሽፋኑን ከመክፈት በፊት አምስት ደቂቃ ይጠበቅ፤ ውስጥ ያሉት ካፓሲተሮች (ኃይል ይዘው የሚቆዩ ክፍሎች) ገና ባዶ አልሆኑም። ፀሐይ ካለ የፓኔሉ ሽቦ ላይ 300 ቮልት ሁልጊዜ አለ፤ እሱን ማጥፋት አይቻልም። ስለዚህ ጣሪያ ላይ ያለው ሥራ በማለዳ ወይም በምሽት ይሠራ። ፈቃድ ያለው ባለሙያ ይሥራው። የገጠመልዎትን ልጅም አብሮ ቢያዩት ጥሩ ነው፤ ፓኔሎቹን በትክክል ነው የደረደረው፣ ይህንንም ቢማር ለሌላው ቤት ይተርፋል።

ሲያልቅ ዋናውን ብሬከር አጥፍተው ይፈትሹት። የደረጃው መብራት ይብራ። ከኒውትራል ወደ ኧርዝ ይለካ፤ ከ2 ቮልት አይበልጥ። ከዚያ የትንሹን ቦርድ አርሲዲ ይፈትሹ። በላዩ ያለው የመሞከሪያ ቁልፍ ብቻ አይበቃም፤ ኒውትራሉ ተንሳፍፎም ይቆርጣልና። ባለሙያው በመሞከሪያ መሣሪያ ከሶኬት ፌዝ ወደ ኧርዝ ይሞክረው። ከቆረጠ ፍሪጁን መልሰው ይሰኩት።